እምነት በልብ፣ ምስክርነት በአፍ፤ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

ምእመን ስለ ድኅነቱ በአፉ የሚፈጽማቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከንስሓ አባቱ ፊት ቀርቦ ኀጢአቱን ሳይሸሽግ መናዘዝ ነው። ሁለተኛው በሰው ሁሉ ፊት፣ በነገሥታትም ፊት ቢሆን፣ ያመነውን አምላክ ሳያፍርና ሳይፈራ መመስከር ነው። ሁለቱም በአፍ ይነገራሉ፤ ምንጫቸው ግን ልብ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የልብን እምነትና የአፍን ምስክርነት ለመዳን አንድ አድርጎ ያስተማረን ስለዚህ ነው። ልብ ያላመነውን አፍ ቢናገር ግብዝነት ይሆናል፤ ልብ ያመነውን አፍ ቢሸሽግ ደግሞ ፍርሃት ይሆናል።

እኛ ጸሎተ ሃይማኖትን ከሕፃንነታችን ጀምረን በቃል አጥንተናል። በየቅዳሴው እንደግመዋለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን ያንን ቃል በመናገራችን ቤታችንን ያጣንበት፣ ከዘመዶቻችን የተለየንበት ቀን የለም። ስለዚህ አፋችን የሚለውን ልባችን ምን ያህል እንደሚያምነው መርምረን ለማወቅ እንቸገራለን። በጎንደር ደጋና በጣና ዙሪያ ግን ይህ ምርመራ በእያንዳንዱ ቤት የገባበት ዘመን ነበረ። በዚያ ዘመን ከተመሰከረላቸው ቅዱሳን አንዲቱ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ነውና፣ ለአንባብያን ትምህርት እንዲሆን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን። ዘመናቱን የምንጽፈው በሀገራችን አቆጣጠር ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። አባትዋ ባሕር ሰገድ፣ እናትዋም ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። ወገንዋ ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት የሚቈጠር፣ በቤተ መንግሥትም የታወቀ ነበር። ለአካለ መጠን ስትደርስም በዚያ ወራት ለነገሠው ለዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሀብት፣ ክብር፣ አገልጋይ አልጐደለባትም። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ገድልዋ እንደሚነግረን ይህ ኀዘን ልብዋን ከዚህ ዓለም ደስታ እየለየ ወደ ምንኵስና ሳበው። በጾምና በጸሎት፣ ለካህናትና ለድኆች ማዕድ በማቅረብ ኖረች፤ ምስጢርዋን ግን ገና ለባልዋ አልገለጠችም።

በዚያ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የፖርቱጋልና የእስፓኝ መነኮሳት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሮምን ሃይማኖት ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱ ዋና የነበረው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ገባ፤ በትምህርቱና በትሕትናውም የንጉሡን ልብ አገኘ። ንጉሡም ቀስ በቀስ የተዋሕዶን ሃይማኖት ትተው ክርስቶስን ሁለት ባሕርይ ነው ወደሚለው ትምህርት አዘነበሉ። ይህን የተቃወሙት ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የንጉሡ አማች ከነበረው ከዮልዮስ ጋር ተነሡ፤ በ1609 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትም ሁለቱ ተገደሉ።

የአቡኑ ደም በሜዳ ፈሰሰ፤ ነገሩ ግን በሜዳ አልቀረም። የአቡኑ ልብሰ ተክህኖ እንደ ምርኮ ተወስዶ በመልክአ ክርስቶስ እጅ ገባ። ወለተ ጴጥሮስም ባልዋ በአባትዋ በአቡኑ ሞት ክፍል እንዳለበት ዐወቀች። ከዚህ አስቀድሞ ለመመንኰስ ከቤትዋ ወጥታ ሳለ ባልዋ ሠራዊት አስከትሎ ስለ ተከተላትና የተሸሸገችበትን አገር ስላጠፋ፣ በእርስዋ ምክንያት የሕዝብ ደም እንዳይፈስ ብላ ተመልሳ ነበር። ስለ ሰው ሕይወት ብላ የተመለሰችበትን ቤት፣ አሁን ስለ ሃይማኖትዋ ብላ ዳግመኛ ለቀቀችው። በአቡኑ ደም ከረከሰ እጅ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ በልብዋ ያለውን እምነት በሥራ መካድ ሆኖ ታያት። የምስክርነትዋ መጀመሪያ ይህ ነው። በንጉሥ አደባባይ ከመቆምዋ በፊት በገዛ ቤትዋ ውስጥ መሰከረች።

በ25 ዓመትዋ ገደማ በጣና አጠገብ መነኰሰች። ጌጥዋን አወለቀች፤ ቀድሞ አገልጋዮችዋ ይሠሩት የነበረውን እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም በገዛ እጅዋና በገዛ ጀርባዋ ትሠራ ጀመር። በዚህ ጊዜ ባልዋንና ልጅዋን ትታ የመነኰሰች እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላይቱ ደግ ሴት አገኘቻት፤ ሁለቱም እስከ ሞት ድረስ ያልተለያዩ የመንፈስ እኅትማማቾች ሆኑ።

ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አስታወቁ። በ1617 ዓ.ም. ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ገባ፤ በየካቲት ወር 1618 ዓ.ም. ከዛሬዋ ጎንደር በማይርቀው በደንቀዝ በተደረገው ጉባኤ ንጉሡ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮሙ ጳጳስ መታዘዛቸውን ማሉ። መኳንንቱና ካህናቱም እንዲምሉ ታዘዙ። ከዚያ በኋላ ቀዳሚትን ማክበር ተከለከለ፤ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ ተባለ። የተጠመቀ ሰው ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም ሲባል፣ የቈረበ ሰው ቍርባንህ ቍርባን አይደለም ሲባል፣ ልቡ እንዴት እንደሚቈስል አንባቢ ያስተውለው። ስንቱ በአፉ እሺ ብሎ በልቡ አለቀሰ! ስንቱስ ርስቱንና ሹመቱን ላለማጣት ሲል በልቡ የሌለውን ማለ!

ወለተ ጴጥሮስ ግን ልብዋና አፍዋ አልተለያዩም። ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረች ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና አስተማረች፤ ሃይማኖትን የለወጠ ንጉሥ ስሙ በቅዳሴ እንዳይጠራም ተናገረች። ያመነችው ይህ ነው፤ አካላዊ ቃል ከድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ፣ መለኮትና ትስብእት ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል በተዋሕዶ አንድ ሆነው፣ ያው አንዱ ክርስቶስ ስለ እኛ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣም። ይህ ለእርስዋ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። በመስቀል ላይ የሞተላት ማን እንደ ሆነ የሚነገርበት ነገር ነበርና፣ ድኅነትዋን ሁሉ በዚያ ላይ አኑራ ነበር።

ስለዚህም ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት ቆመች። ሊገድሏት የመከሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ወገኖችዋ የከበሩ ስለ ነበሩ ስለ እርስዋ ተማልደው በዚያ ጊዜ ተለቀቀች። ከዚያ በኋላ ወደ ዋልድባ ወረደች። ዋልድባ በሰሜንና በወልቃይት አጠገብ ያለ፣ መነኮሳቱ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩበት የታላላቅ አባቶች ገዳም ነው። ወለተ ጴጥሮስ በዚያም ዝም አላለችም፤ በስደት የመጡትን አጽናናች፣ የሚጠራጠሩትንም መከረች።

ወሬው ወደ ቤተ መንግሥት ስለ ደረሰ በ1619 ዓ.ም. ገደማ ዳግመኛ ተይዛ ቀረበች። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ባልዋ የነበረው መልክአ ክርስቶስ እንዳትገደል ለንጉሡ ምክር አቀረበ፤ ለፓትርያርኩም ለሜንዴዝ ተሰጥታ እንድትማር ተደረገ። እርሱና መምህራኑ መጻሕፍታቸውን እያቀረቡ ብዙ ደከሙባት። እርስዋ ግን ከአባቶችዋ የተቀበለችውን አልለወጠችም። ባልሆነላቸውም ጊዜ በምዕራብ፣ በሱዳን ወሰን በኩል ወዳለው፣ ሙቀቱና በሽታው ወደሚያስፈራው ወደ ዠበይ በግዞት ሰደዷት። በዚያ ሦስት ዓመት ኖረች። በደጋ አየር ያደገች የመኳንንት ልጅ በቈላ ሐሩር፣ በጠባቂ እጅ፣ በረኃብና በንዳድ ተፈተነች። እግዚአብሔር ግን ግዞቱን ገዳም አደረገላት፤ እኅተ ክርስቶስ ተከትላት መጣች፣ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሌሎችም ወደ እርስዋ ተሰበሰቡ። ኋላ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበሮች የመጀመሪያው በዚያ በዠበይ ቆመ።

ከግዞት ወጥታም በደምቢያ ውስጥ በጫንቋ ሁለተኛውን ማኅበር አቆመች። በዚህ መካከል አገሩ ሁሉ ታወከ። በላስታም፣ በሌላውም ክፍል ሕዝቡ ስለ ሃይማኖቱ ተነሣ። በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ተደረገ፤ ንጉሡ ድል አደረጉ። ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ሺሕ በሺሕ ሁሉ ክርስቲያኖችና የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ያን ያዩት ንጉሥ ልባቸው ተሰበረ፤ የፈለገ ሁሉ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጥቂት ቆይተውም ዐረፉና በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። የልባቸውን ፍርድ ልብን ለሚመረምር አምላክ እንተዋለን። ዐዋጃቸው ግን እምነት በትእዛዝ እንደማይገባ፣ በትእዛዝም እንደማይወጣ ለትውልድ ሁሉ መሰከረ። ይህን ስንል በሌላው ወገን የነበረውንም አንረሳም። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የተቀበሉትን የሮም ሃይማኖት አልተውም ብለው በፋሲለደስ ዘመን በተራቸው ተግዘዋል። ሰይፍ በማንም እጅ ቢሆን የሰውን አንገት እንጂ የሰውን ልብ ሊያዝዝ አይችልም።

ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጓት። ያች በአብያተ ክርስቲያናትዋና በሊቃውንትዋ የታወቀች ከተማ የተነሣችው በዚህ ሁሉ ደምና ዕንባ ላይ መሆኑን ማሰብ ይገባናል። ወለተ ጴጥሮስ ግን ድሉን ለራስዋ ክብር አላደረገችም። ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሳ ሹመት አልለመነችም። በጣና ዙሪያ፣ በዘጌና በሌሎችም ቦታዎች ወንዶችና ሴቶች መነኮሳትን እየሰበሰበች፣ ሥርዓት እየሠራች፣ በሽታ ሲነሣ ማኅበርዋን ከቦታ ወደ ቦታ እየመራች በእናትነት ኖረች። ሦስት ወር ታማ፣ እኅተ ክርስቶስን በእግርዋ ተክታ፣ በ50 ዓመትዋ ገደማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በጣና ሬማ ደሴትም ተቀበረች። ቤተ ክርስቲያናችን ዕለቲቱን መታሰቢያዋን ታደርግባታለች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድልዋን በግእዝ ጻፈ፤ ይህ መጽሐፍ በዘመናችን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ አገር ምሁራን ዘንድ ጭምር ይነበባል። ማኅበርዋም ከጣና በስተ ምሥራቅ በቆራጣ ጸንቶ ቀረ።

ክቡራን አንባብያን፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በዐዋጁ ዕለት በየመንደሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ጥቂቶቹ እንደ ወለተ ጴጥሮስ ሳይናወጡ የቆዩ ናቸው። ብዙዎቹ ግን በፍርሃት ወይም ለርስት ብለው ምለው የነበሩና በዚያ ቀን እያለቀሱ የተመለሱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ወገን በአንድ ቅጥር ውስጥ ሰበሰበች። እኛ ደግሞ ራሳችንን ስንመረምር ከሁለተኛው ወገን ሆነን እንገኛለን። በአፋችን ክርስቶስን ጌታ እንለዋለን፤ በገበያ ሚዛን ስናጐድል፣ በፍርድ አደባባይ በሐሰት ስንምል፣ በወንድማችን ላይ ቂም ስንይዝ ግን እንክደዋለን። ወደ ንስሓ አባታችን ቀርበንም ትንሹን ተናግረን ትልቁን እንሸሽጋለን፤ ወይም ኀጢአታችንን ትተን የባልንጀራችንን ኀጢአት እንቈጥራለን። እንዲህ ያለው ኑዛዜ ልብ ሳይኖር የተማለ መሐላ ነው።

ነገር ግን ተስፋ አንቍረጥ። የቅድስቲቱ ስም የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ጴጥሮስ በፊልጶስ ቂሣርያ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅ ብሎ መሰከረ፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ግን ሦስት ጊዜ ካደው። በመጨረሻም ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ጌታውም ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር ተቀብሎ በጎቹን አደራ ሰጠው። በአንዱ ሐዋርያ ሕይወት ሁለቱ ኑዛዜዎች፣ የእምነት ምስክርነትና የንስሓ ዕንባ፣ ተገናኝተው እናያለን። ወለተ ጴጥሮስ የመጀመሪያውን ከአባትዋ ወረሰች፤ እኛ የወደቅን ደግሞ ሁለተኛውን እንውረስ። ከልብ የመጣ ዕንባ የካደውን አፍ ያጥባል፤ የታጠበውም አፍ እንደ ገና ለምስክርነት ይበቃል።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፣ የሚናዘዘውን ሰው በትዕግሥት ስሙት፤ አፉ የፈራውን ልቡ እንዲናገር እርዱት። ምእመናን ሆይ፣ ወደ ንስሓ አባታችሁ ስትሄዱ ልባችሁን በቤታችሁ ትታችሁ አትሂዱ። ወለተ ጴጥሮስ ምስክርነትዋን በገዛ ቤትዋ እንደ ጀመረች፣ እኛም ከየቤታችን እንጀምር። ስለ እኛ የሞተውና የተነሣው አንዱ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የልባችንን እምነትና የአፋችንን ምስክርነት አንድ ያድርግልን። የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትዋና በረከትዋ ከሁላችን ጋር ይኑር፤ አሜን።