አውሬዎችን ያናገሩት በጅሮንድ

እኔ በምኖርበት አያት ሰፈር የፊልም ድርሰት የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። በአማርኛ ለመድረክ መጀመሪያ የጻፈው ማነው ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ይጠሩልኛል። ጋሽ ጸጋዬ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በኩሩ ግን እሳቸው አይደሉም። እስቲ ዛሬ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ላውጋችሁ።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ተሻግረው እዚያው አደጉ፤ የመድፈኛ መኮንንነትም ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። ይህ አላስደሰታቸውም። በ1910ዎቹ ከላ ፎንቴን ተረቶች እየቀዱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነካው ግን የሹማምንቱ ጉቦና የአስተዳደሩ ኋላ ቀርነት ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ተመልካች ነገሩን ለመፍታት አልተቸገረም። ቤተ መንግሥቱም እንዲሁ! ንግሥት ዘውዲቱ መጽሐፉ እንዲሰበሰብ፣ ቴአትርም እንዲቀር አዘዙ። የአማርኛ ቴአትር ገና ዳዴ ሳይል ታገደ።

በጅሮንዱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ አብነታቸው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከዚያ በኋላ ረጅሙን ስደት በማዳጋስካር አሳለፉ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ግርማቸውም የአባታቸውን ብዕር ወርሰው «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ጽፈዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። እኒህ ሰው አስተዳደር ይታረም፣ ሥልጣንም ደንብ ይኑረው የሚለውን ሐሳብ በሁለት መንገድ ሞከሩት። በሕግ ሲጽፉት፣ ዋናውን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ስለተወ፣ በክብር ታወጀ። በሳቅ ሲጽፉት ግን ተከለከለ። ዘመኑና ዙፋኑ ተለውጦ ነበር፤ ቢሆንም ሹም ከአንቀጽ ይልቅ ሳቅን እንደሚፈራ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የሰፈሬ ወጣቶች ሆይ፣ ብዕራችሁን ስታነሡ እኒህን አባት አስታውሱ። መንገዱን የጀመሩላችሁ በአንድ ተውኔት ነው፤ እሱንም ተቀምተው!