ፍራንክ ሆርንቢ

ፍራንክ ሆርንቢ (ሜይ 15 ቀን 1863 – ሴፕቴምበር 21 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) ሜካኖ የተባለውን የመገጣጠሚያ መጫወቻ የፈለሰፈ፣ የሆርንቢ መጫወቻ ባቡሮችንና ዲንኪ የሚባሉትን ትንንሽ መኪኖች ያስጀመረ እንግሊዛዊ ነጋዴና የፓርላማ አባል ነበር። የምሕንድስና ትምህርት ሳይማር፣ ለልጆቹ መጫወቻ ለመሥራት ካደረገው ሙከራ ተነሥቶ በዘመኑ በዓለም ከታወቁት የመጫወቻ ኩባንያዎች አንዱን መሥርቷል። ስሙ ዛሬም በሞዴል ባቡሮች ላይ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ሆርንቢ የተወለደው በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል ነው። አባቱ ጆን ኦስዋልድ ሆርንቢ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ፍራንክ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሥራ ጀመረ። በ1887 ክላራ ዎከር ጎደፍሯ የተባለች መምህርት አገባ፤ ሮላንድና ዳግላስ የተባሉ ሁለት ወንዶችና ፓትሪሺያ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

አባቱ በ1899 ሲሞት የቤተሰቡ ንግድ ተዘጋ። ሆርንቢም ከውጭ አገር ሥጋ በሚያስመጣው በዴቪድ ሂዩ ኤሊየት ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ።

የሜካኖ አመጣጥ

ሆርንቢ በመኖሪያ ቤቱ ባለች ትንሽ የሥራ ቦታ ከላሜራ እየቆረጠ ለወንዶች ልጆቹ ድልድይ፣ ክሬንና ሌላም መጫወቻ ይሠራ ነበር። አንዱን ሞዴል ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን ሁሉንም ክፍል እንደ አዲስ መቁረጥ ነበረበት። መፍትሔ ሆኖ ያገኘው የእያንዳንዱን ቁራጭ መጠን አንድ ወጥ ማድረግና በእኩል ርቀት መብሳት ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ማንኛውም ቁራጭ ከማንኛውም ቁራጭ ጋር በብሎንና በዳዶ ይታሰራል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ይፈታና ሌላ ነገር ይሠራበታል። ዘንጉ፣ ጎማውና ጥርሳሙ መዘውርም በእነዚያው ቀዳዳዎች ልክ ተዘጋጁ።

በጃንዋሪ 1901 ከአሠሪው 5 ፓውንድ ተበድሮ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ኤሊየትም ሐሳቡን ወዶት ሽርክና ገባ፤ ከቢሮው አጠገብ ያለ ቦታም ሰጠው። በ1902 መጫወቻው «ሜካኒክስን ማቅለል» የሚል ትርጉም ባለው ስም ለገበያ ቀረበ። አንዱ ሳጥን 16 ዓይነት ክፍሎችና 12 ሞዴሎችን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ነበር። በሊቨርፑል የምሕንድስና ትምህርት ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ሄንሪ ሄል ሾው ድጋፋቸውን መስጠታቸው ሻጮችን ለማሳመን ረዳው። እስከ 1903 መጨረሻ 1,500 ያህል ሳጥኖች ቢሸጡም ትርፍ አልተገኘም። ሆርንቢ ግን አዳዲስ ክፍሎችን መጨመሩን ቀጠለ።

በሴፕቴምበር 1907 «ሜካኖ» የሚለው ስም የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። በዚሁ ጊዜ ሆርንቢ ቅጥር ሥራውን ትቶ በዱክ ጎዳና ወርክሾፕ ተከራየ። በ1908 ሜካኖ ሊሚትድ ሲቋቋም ኤሊየት ከሽርክናው ወጣ፤ ሆርንቢም ብቸኛ ባለቤት ሆነ። በ1912 ከልጁ ከሮላንድ ጋር በፓሪስ ቅርንጫፍ ከፈተ። በ1914 በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ የተሠራው ትልቅ ፋብሪካ ከ60 ዓመታት በላይ የኩባንያው ዋና ማምረቻ ሆኖ ቆየ። በ1916 ደግሞ ሜካኖ መጽሔት መታተም ጀመረ።

የሆርንቢ ባቡሮች

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብሪታንያ ይሸጡ ከነበሩት መጫወቻ ባቡሮች ብዙዎቹ ከጀርመን የሚመጡ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ለአገር ውስጥ አምራቾች ሰፊ ገበያ ተከፈተ። ሆርንቢም በ1920 በሞላ የሚሄድ የመጀመሪያ ባቡሩን አወጣ። ባቡሩ የሚሄደው ዜሮ ጌጅ በሚባለው፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ ነው።

ይህ ባቡር አሠራሩ ከሜካኖ የተወሰደ ነበር። ክፍሎቹ በብሎንና በዳዶ የታሰሩ በመሆናቸው ልጁ ሎኮሞቲቩን ፈትቶ መልሶ ሊገጥመው ይችላል፤ የተበላሸ ክፍልም ብቻውን ተገዝቶ ይተካል። በሎኮሞቲቩ ጋቢና ጎን 2710 የሚል ቁጥር ያለበት የናስ ታርጋ ተለጥፎ ነበር። በዕቃ ፉርጎዎቹ ጎን የሚሰኩት የባቡር ኩባንያ ምሕጻረ ቃላትም ለብቻቸው የተሠሩ የቆርቆሮ ፊደላት ነበሩ። ስለዚህ አንዱን ባቡር በቀለሙና በፊደላቱ ብቻ የተለያዩ ኩባንያዎች ንብረት ማስመሰል ይቻል ነበር።

በ1923 የብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎች በአራት ትልልቅ ድርጅቶች ሲጠቃለሉ የሆርንቢ ባቡሮችም ከጊዜ በኋላ የአራቱን ቀለም ለበሱ። በ1925 የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ወጣ። በ1928 ደግሞ ባቡር ወዳድ ልጆችን የሚያሰባስብ ማኅበር ተቋቋመ፤ አባላቱ ዓርማ ይሰጣቸው ነበር።

የስም ሰሌዳና የዝርዝር ክፍሎች

በ1920ዎቹ መጨረሻ የወጡት ትልልቅ የሆርንቢ ሎኮሞቲቮች «ፍላይንግ ስኮትስማን»፣ «ሮያል ስኮት»፣ «ሎርድ ኔልሰን» እና «ኬርፊሊ ካስል» የሚሉ ስሞች ነበሯቸው። እነዚህ በእውነተኛው ዓለም የአራት የተለያዩ ኩባንያዎች ሎኮሞቲቮች ናቸው፤ ሁሉም በየጎናቸው ሦስት ሦስት ትልልቅ ነጂ ጎማዎች አሏቸው። መጫወቻዎቹ ግን በየጎናቸው ሁለት ሁለት ነጂ ጎማ ብቻ ነበራቸው፤ የሁሉም መሠረታዊ አሠራር አንድ ነበር። የሚለያዩት በአብዛኛው በቀለም፣ በቁጥርና በስም ነበር። እንዲህ የተደረገው ወጪውን ለመቀነስና ባቡሩ በቤት ውስጥ በሚዘረጋ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ያለ ችግር እንዲዞር ነው።

በዚህ የተነሣ ለትክክለኛ ልክ የሚጨነቁ ትልልቅ ሰዎች የሆርንቢን ባቡር ከሞዴል ይልቅ መጫወቻ አድርገው ያዩት ነበር። ለልጆች ግን በጣቢያ ያዩት ዝነኛ ስም በእጃቸው መግባቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ከፋብሪካ የወጣን ሎኮሞቲቭ በትንንሽ ተጨማሪ ክፍሎች ወደ አንድ የታወቀ ባቡር መለወጥ ዛሬ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ዋና ሥራ ነው። የስም ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፊደላቱ ከፍ ብለው እንዲቀሩ ዙሪያው በኬሚካል ከተበላ ስስ የናስ ላሜራ ነው። ባለሙያው ሰሌዳውን በስለታም ቢላ ከላሜራው ይለየዋል፤ ጠርዙን በደቃቅ ሞረድ ያስተካክላል፤ ከዚያም በወረንጦ ይዞ በጥርስ እንጨት ጫፍ በተቀባ ጥቂት ማጣበቂያ በታተመው ስም ላይ ያሳርፈዋል። ማጣበቂያው ከበዛ በጠርዙ ወጥቶ ቀለሙን ያበላሻል። ሰሌዳው በብዙ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ላይ የሚቀመጠው ከነጂው ጎማ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ስለሆነ ቅስት ቅርጽ ይኖረዋል።

ከስሙ ጋር ቁጥሩም መስማማት አለበት። የአንድ ዓይነት ሎኮሞቲቮች እንኳ በጭስ ማውጫ፣ በፋኖስ ማንጠልጠያ ወይም በከሰል መጫኛ ተጎታች ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ በመረጠው ዓመት የተነሣ የእውነተኛውን ሎኮሞቲቭ ፎቶግራፍ ያመሳክራል። የእጅ መያዣው ከቀጭን ሽቦ ይሠራል፤ በተጎታቹ ላይ የሚደረገው ከሰል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፈጭቶ የተጣበቀ እውነተኛ ከሰል ነው።

ዲንኪ መኪኖችና የፖለቲካ ሕይወት

በ1933 ኩባንያው ለባቡር መስመሮቹ ማሟያ የሚሆኑ ትንንሽ የብረት መኪኖችን አወጣ። እነዚህ በ1934 «ዲንኪ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ራሳቸውን የቻሉ ተፈላጊ መጫወቻዎች ሆኑ።

ሆርንቢ በ1931 በተደረገው ምርጫ በሊቨርፑል የኤቨርተን የወግ አጥባቂ ፓርቲ ተወካይ ሆኖ ፓርላማ ገባ። እስከ 1935 ካገለገለ በኋላ በቀጣዩ ምርጫ አልተወዳደረም።

ሞቱና ከእርሱ በኋላ

ሆርንቢ በልብና በስኳር ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በ73 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በሊቨርፑል አቅራቢያ በሚገኘው በማጉል በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የኩባንያውን አመራር ልጁ ሮላንድ ተረከበ።

በ1937 ኩባንያው በየጎኑ ሦስት ነጂ ጎማዎች ያሉትን፣ ለእውነተኛው ቅርጽ የቀረበውን «ፕሪንሰስ ኤልዛቤት» ሎኮሞቲቭ አወጣ። በ1938 ደግሞ «ሆርንቢ ደብሎ» የተባለው፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነው አነስተኛ ባቡር ተጀመረ። ባቡሩ ትንሽ በመሆኑ በጠባብ ቤት ውስጥም ረጅም መስመር መዘርጋት ተቻለ።

ሜካኖ ሊሚትድ በ1964 ላይንስ ብራዘርስ በተባለ ሌላ የመጫወቻ ኩባንያ ተገዛ። የቢንስ ሮድ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ። የሆርንቢ ስም ግን ወደ ሌሎች ባለቤቶች ተላልፎ ሞዴል ባቡሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይሸጣሉ።