ኡጎ ቸርሌቲና የኮረንቲ መንገድ

ኡጎ ቸርሌቲ በ1877 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ ተወለደ። ሐኪም ከሆነ በኋላ በጀርመን አገር በኒስልና በአልዛይመር ዘንድ የአንጎልን ጥናት ቀሰመ።

በጄኖቫ የሚጥል በሽታን ሲመራመር ኮረንቲ ከአፋቸው እስከ ፊንጢጣቸው ካሳለፈባቸው ውሾች ብዙዎቹ ሞቱ፤ ኮረንቲው ልብን ያቋርጥ ነበርና። ረዳቱ ሉችዮ ቢኒ ኤሌክትሮዶቹን ወደ ጆሮ ግንድ አዛወራቸው፤ ልብም ከአደጋው መንገድ ወጣ።

በሚያዝያ 1938፥ ጅማ በወራሪው አስተዳደር ሥር የጋላና ሲዳሞ ግዛት መቀመጫ ሳለች፥ ቸርሌቲ ሮማ ላይ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በዚሁ መሣሪያ አከመ። ሰውየው ፈቃዱ አልተጠየቀም፤ ቢቃወምም አልተሰማም። ተሽሎት ቢወጣም ሕመሙ በኋላ አገረሸበት።

ዛሬ ሕክምናው በማደንዘዣና በጡንቻ ማላሊያ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ የልብ ቧንቧው ቫልቭ ለጠበበበት ሰው፥ ትውስታንም ስለሚያውክ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ቸርሌቲ ራሱ በኋለኛ ዘመኑ ንዝረቱን የሚተካ መድኃኒት ሲፈልግ ኖሮ፥ ሳያገኘው በ1963 ሮማ ላይ አረፈ። ከፈጠራው ይልቅ የታማሚው ሥቃይ እንዲቀር መሻቱ ለባለሙያ ሁሉ ትምህርት ነው።