ባቡሩ ጀልዴሳን ትቶ ሲያልፍ፦ የኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ሕይወት

ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሐረር ደጋ ከቆላው ሜዳ ጋር በሚገናኝበት ግርጌ የምትገኘው ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ካሉት የገጠር ክላስተሮች አንዷ ናት። ከ120 ዓመታት በፊት ግን ስሟ በዘይላ፣ በኤደንና በአውሮፓ የንግድ ቤቶች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚመጣ ዕቃ ጀልዴሳ ደርሶ ከግመል ይራገፋል፤ በቅሎና አህያ ተረክበውት ዳገቱን ይወጣሉ። ከደጋ የወረደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ደግሞ እዚያው በግመል ተጭኖ ቁልቁል ይጓዛል። ግብፆች ሐረርን በያዙበት ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወታደር አስፍረውባት ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላም የቀረጥ ኬላ ሆና ቀጠለች። የደገኛውና የቆለኛው፣ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ገበያ በአንድ ቦታ የሚገናኝባት መንደር ነበረች።

የዚህችን መንደር ዕጣ የቀየረው ጦርነት ወይም ድርቅ አይደለም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከአፄ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበሉት ሰው ደግሞ በዘመኑ ሕዝብ ዘንድ ሙሴ ኢልግ እየተባሉ የሚጠሩት የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ የተወለዱት መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል ትንሽ የስዊዘርላንድ ከተማ ነው። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተማሩ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሙያ የሚያውቅ አውሮፓዊ ይፈልጉ ነበርና፣ ኤደን ላይ በነበረ የስዊዞች የንግድ ቤት አማካይነት ጥያቄው ለወጣቱ መሐንዲስ ደረሰ። ኢልግ ሁለት የአገራቸውን ባለሙያዎች አስከትለው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ዕድሜያቸው ገና 24 ዓመት ነበር።

ንጉሡ መሐንዲሱን ያገኙት በትልቅ ሥራ ሳይሆን በጫማ ነው ይባላል። ጫማ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ሠሩም። ቀጥሎ ጠመንጃ ተጠየቁ። ከውጭ ማስመጣቱ እንደሚረክስ ቢያስረዱም ንጉሡ እዚሁ አገር ውስጥ መሠራት መቻሉን ማየት ስለፈለጉ፣ ኢልግ ያንንም አደረጉ። ድልድይ ለመሥራት በታቀደ ጊዜም መጀመሪያ ትንሽ ምሳሌ ሠርተው አሳዩ፤ ምኒልክ ጥንካሬውን በገዛ እጃቸው ፈትነው ካረጋገጡ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ተሠራ። አማርኛ አጥርተው በመናገራቸው አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ በቤተ መንግሥት ያገኙት አመኔታ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለዛሬ የወረዳ ባለሙያ ከኢልግ ሥራዎች ሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የዘረጉት የውኃ ቧንቧ ነው። ጊዜው 1880ዎቹ ነው። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው። ውኃው ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ኮረብታው መውጣት አለበት። ውኃ ሽቅብ ይሄዳል የሚለውን ነገር ብዙ ሰው አላመነውም ነበር። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከሆነና ቧንቧው በየመሐሉ እስካልተቀደደ ድረስ፣ ከላይ ያለው ውኃ ክብደት ከታች ያለውን እየገፋ ያወጣዋል። ሞተር የለም፤ ነዳጅም የለም። ዛሬ በተራራ ግርጌ ያሉ ትናንሽ ከተሞች የገበያ ቦታቸውን ዛፍ ለማጠጣት ወይም የከብት ገንዳ ለመሙላት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፓምፕ ዋጋ ነው። ምንጩ ከከተማው በስንት ሜትር ከፍ ይላል የሚለው ጥያቄ ግን መቅደም ነበረበት።

አዲስ አበባ በዚያን ዘመን ሌላ ችግርም ነበረባት። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጨርሳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ዋና ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው ከውጭ መጥቶ በፍጥነት በበዛው ባሕር ዛፍ ምክንያት ነው። የኢልግ ትውልድ ከተማ ያለ ዛፍና ያለ ውኃ እንደማይቆም የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። የሥራ ባልደረባቸው ሊዮን ሸፍኔ የተባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበሩ። ከኢጣሊያ ጋር የተነሳው ጠብና የዓድዋ ጦርነት ሥራውን አዘገየው። በዚያ ወቅት ኢልግ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለአውሮፓ ሰዎች በማስረዳት ደክመዋል፤ ከድሉ በኋላም የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ አገኙ። ግንባታው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው።

መሐንዲሶቹ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ያዩት ሜዳ ግን ባዶ አልነበረም። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬትና የውኃ ጉድጓድ ነበር። ግመሎቻቸውን ለነጋዴ በማከራየትና መንገድ በመምራት የሚያገኙት ገቢ በሐዲዱ ምክንያት እንደሚቀር ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሠራተኞች ሰፈር ላይ ጥቃት ደረሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ኩባንያው በኋላ ለጎሳዎቹ ገንዘብ እየከፈለ ጸጥታውን ለማስጠበቅ ተገደደ። ከመጀመሪያው ቢነጋገሩ ኖሮ ወጪው ያነሰ ይሆን ነበር። ዛሬም አንድ የሕዝብ መናፈሻ ወይም የችግኝ ቦታ ሲከለል፣ በዚያ ላይ ከብቱን ሲያሳልፍ የኖረው ሰው ካልተጠየቀ አጥሩ አንድ ክረምት አይቆይም።

ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራሮች ሲቃረብ ዋናው ጥያቄ ተነሳ። ፈቃዱ ሐረር ይላል። ሐረር ደግሞ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ያልፋል፤ ለመድረስም ከ2 ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን የደንገጎ ዳገት መሻገር ያስፈልጋል። ባቡሩን እዚያ ለማውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ኩባንያው ከነበረው በላይ ነበር። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ ሜዳ ሜዳውን እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ምኒልክም ተስማሙ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ዳር፣ ከ1 ሺህ 200 ሜትር ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ አዲስ ጣቢያ ተቆረቆረ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደረሰ። ቦታው አዲስ ሐረር ተብሎ ተሰየመ፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አለው፤ ጸንቶ የቀረውም ይኸው ስም ነው።

ጀልዴሳ በዚያው ሰሞን ዓለሟ ተገለበጠ። ሐዲዱ በምዕራብ በኩል አልፏታል። የግመል ጭነት፣ የቀረጥ ኬላው፣ የነጋዴው ማደሪያ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ዞረ። የጀልዴሳ ገዥ የነበሩት አቶ መርሻ ናሁሰናይ እንኳ የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። የጀልዴሳ ሰው በድካም ወይም በስንፍና የተወቀሰበት ነገር የለም። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች የለኩት የሐዲዱን ተዳፋትና የኩባንያውን ገንዘብ ነው፤ ለመንደሪቱ የተያዘ ሒሳብ አልነበረም።

ድሬዳዋ ግን ከመነሻዋ በዕቅድ የተሠራች ከተማ ናት። ከዚራ የሚባለውን ክፍል የነደፉት የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው። መንገዶቹ ሰፊና ቀጥ ያሉ፣ በግራና በቀኝ ዛፍ የተተከለባቸው፣ ወደ ጣቢያው አደባባይ የሚያመሩ ናቸው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ እንደ አሮጌ የንግድ ከተማ ተጠጋግቶ አደገ። በሙቀት ወራት ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው የጥላን ዋጋ ሳይነገረው ያውቀዋል። በከዚራ መንገዶች እግረኛው በቀትር ይሄዳል፤ ሻጩ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንኳ ማረፊያ አያጣም።

ከእነዚህ ዛፎች አንዱ በመላ አገሪቱ የከተማዋን ስም ይዞ ይጠራል። ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ አገሩ ማዳጋስካር የሆነው ዛፍ በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ ነው የሚባለው። ውበቱ የማያከራክር ቢሆንም ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ሥሩ በመሬቱ ገጽ ላይ ስለሚሰራጭ ከግድግዳና ከእግረኛ ንጣፍ አጠገብ ከተተከለ ያነሳዋል፤ በደረቅ ወራትም ቅጠሉን ይጥላል። ለአደባባይና ለሰፊ ሜዳ ግን ጥሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥላ ለሚፈለግበት የጤና ጣቢያ ግቢ ወይም የገበያ ዳር ኒም ይሻላል፤ ድርቅ ይችላል፣ ከብትም እምብዛም አይነካውም። የአገሬው ሮቃ እድገቱ ዘገምተኛ ቢሆንም የልጅ ልጅ ይደርስበታል፤ ፍሬውም ገበያ አለው። ቁርቁራ ለፍየልም ለሰውም ይሆናል። በ1970ዎቹ ለአፈር ጥበቃ ተብሎ በአካባቢው የተተከለው ፕሮሶፒስ ግን የግጦሹን መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን ያስመረረ በመሆኑ፣ ቶሎ ይበቅላል ተብሎ ብቻ ዛፍ እንደማይመረጥ ምስክር ነው።

የመሥራቾቹ ዕቅድ ያልመለሰው አንድ ነገር ነበር፤ ደቻቱ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ይህ ወንዝ በደጋው ዝናብ ሲጥል በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይመጣል። ከተማዋ በሁለቱ ዳርቻዎቹ አደገች፤ ቆይቶም ቤት ወደ ወንዙ ተጠጋ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። የጎርፉ ኃይል የተሠራው ከተማው ውስጥ አይደለም። ዛፉ በተመነጠረውና እርከን በሌለው የላይኛው ተፋሰስ ነው። በእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የሚተው ባዶ መሬት ለአንዳንድ የመሬት ባለሙያ የባከነ ሊመስል ይችላል። መናፈሻ፣ የኳስ ሜዳ ወይም የመኖ ሣር ማሳ ከሆነ ግን ጎርፉ ያልፍበታል፤ ውኃው ሲጎድል ሰው ተመልሶ ይጠቀምበታል። ቤት ከተሠራበት የሚያልፍበት ሰው ላይ ነው። ጀልዴሳም በተራራ ግርጌ ያለች በመሆኗ ይህ ስሌት ለእሷም ያው ነው፤ ገና ትንሽ ስለሆነች ግን የሚፈርስ ቤት ሳይኖር ቦታውን ለመለየት ጊዜ አላት።

ኢልግ የድሬዳዋን ዕድገት በቅርብ አልተከታተሉም። ባቡሩ የገንዘብ ችግር ውስጥ ገባ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለገንዘቦች ተሻኮቱበት፤ በ1894 ዓ.ም. ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ያደረገው ስምምነት ያለ ምኒልክ ፈቃድ ለውጭ መንግሥት ሥልጣን የሚሰጥ ሆኖ በመገኘቱ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ። ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። የሚገርመው፣ ለኩባንያው ኪሳራ የሆነው ይህ መቆም ለድሬዳዋ በረከት መሆኑ ነው። የመስመሩ መጨረሻ ሆና በመቆየቷ መጋዘኑ፣ የጥገና ጋራዡና ነጋዴው ሁሉ እዚያው ተከማቸ።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኢትዮጵያን ያገለገሉት ኢልግ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሰበሰቧቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ አረፉ፤ ዕለቱ በኢትዮጵያ የገና በዓል ነበር። በሌላ ኩባንያ እጅ የቀጠለው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።