የአታሚው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ታሪክ፤ ሌላውን በመርዳት ስለ ማደግ

ነጋዴ ሊሆን የሚያስብ ጐልማሳ ሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ገንዘብን ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚከብር፤ ገንዘብ የሌለው ሁሉ ግን ተስፋ የቈረጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ንግድን አያቆምም። ብዙ ገንዘብ ይዘው ጀምረው የሚያምናቸው ሰው በማጣት የወደቁ አሉ፤ ጥቂት ይዘው ጀምረው ባልንጀሮቻቸውን በመርዳት የታመኑ ሆነው የከበሩም አሉ። ከነዚህም አንዱ የአሜሪካ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው።

ፍራንክሊን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1706 ዓ. ም. በቦስተን ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ያ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚኖር ሰው ነበረ፤ ከ17 ልጆቹም ፍራንክሊን 15ኛው ስለ ነበረ ለትምህርቱ የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ የማተሚያ ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተሰጠ። ጄምስ ግን ቍጡ ነበረና ብዙ ጊዜ ይመታው ነበር። ስለዚህ በ1723 ዓ. ም. የ17 ዓመት ብላቴና ሳለ ከወንድሙ ኰብልሎ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ወደዚያች ከተማ ሲገባ የሚያውቀው ሰው አንድ ስንኳ አልነበረውም።

የፔንስልቬንያ ገዥ የነበረው ዊልያም ኪት የዚህን ብላቴና ብልኀት ሰምቶ ወደ እርሱ አቀረበው። የራሱን ማተሚያ ቤት እንዲያቆምም መከረው፤ ማተሚያውንና ፊደሉን ከሎንዶን በዱቤ ለመግዛት የሚያስችል፤ ከታላላቅ ሰዎችም የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጠው። ፍራንክሊን ይህን ቃል አምኖ በ1724 ዓ. ም. በመርከብ ተሳፈረ። መርከቡ ወደ እንግሊዝ አገር በቀረበ ጊዜ የደብዳቤው ከረጢት ተከፍቶ ቢፈለግ ገዥው የጻፈለት አንድም ደብዳቤ አልተገኘም። ኪት ሰውን ሁሉ ደስ ማሰኘት የሚወድ፤ ነገር ግን የሚሰጠው ነገር ስለሌለው ተስፋን ብቻ የሚሰጥ ሰው ነበረ። የ18 ዓመቱ ብላቴናም በባዕድ አገር ያለ ገንዘብና ያለ ዘመድ ቀረ።

በዚያው መርከብ ቶማስ ዴነም የሚባል ነጋዴ ተሳፍሮ ነበር። ይህ ሰው አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሲነግድ ከስሮ ነበርና የብዙ ሰው ዕዳ ነበረበት። አበዳሪዎቹ ከዕዳው ከፊሉን ተቀብለው የቀረውን ስለ ተዉለት ወደ አሜሪካ ሄዶ በትጋት ሠርቶ ከበረ። በዚህ ጕዞ ወደ እንግሊዝ በተመለሰ ጊዜ የቀድሞ አበዳሪዎቹን ግብዣ ጠራቸው። እነርሱም ከምግቡ በቀር ሌላ ነገር አልጠበቁም ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳህን ሲነሣ እያንዳንዳቸው የተዉት ገንዘብ ከነወለዱ እንዲከፈላቸው የታዘዘበትን ወረቀት ከሳህናቸው በታች አገኙ። ዴነም ፍራንክሊንን በሎንዶን ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ጥበቡን እንዲያሻሽል መከረው፤ በ1726 ዓ. ም.ም ወደ ፊላደልፊያ ይዞት ተመልሶ በሱቁ ጸሓፊ አደረገው፤ ሒሳብ መያዝንና ዕቃ መሸጥን አስተማረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዴነም ታሞ ስለ ሞተ ፍራንክሊን ወደ ማተሚያ ሥራው ተመለሰ። ከኪት የቃልን ከንቱነት፤ ከዴነም የሥራን ክብደት ተምሮ ነበርና ይህን ትምህርት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም።

በ1727 ዓ. ም. ፍራንክሊን ጁንቶ የሚባል ማኅበር አቆመ። የማኅበሩ ሰዎች ቍጥር ከ12 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አንዱ ውል ጸሓፊ፤ አንዱ መስተዋት ገጣሚ፤ አንዱ መሬት ለኪ፤ አንዱ ጫማ ሰፊ፤ አንዱ አናጢ፤ አንዱም የነጋዴ ጸሓፊ ነበረ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ እየተሰበሰቡ እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት ነገር ነበራቸው። ሊረዳ የሚገባው እንግዳ ወደ ከተማው ገብቶ እንደ ሆነ፤ አዲስ ሥራ የጀመረና ማበረታታት የሚያስፈልገው ወጣት ተገኝቶ እንደ ሆነ፤ ከመካከላቸውም አንዱ የሰው ወዳጅነት ፈልጎ ማኅበሩ ሊያስተዋውቀው የሚችል እንደ ሆነ ይጠያየቁ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፤ ለአንዱ የከበደውን ሁሉም ተካፍለው ያነሡት ነበር። ይህም ማኅበር 40 ዓመት ያህል ኖረ።

በ1728 ዓ. ም. ፍራንክሊንና ባልንጀራው ሂዩ ሜሬዲት በማኅበር ማተሚያ ቤት ከፈቱ። ፊደሉን ከሣጥን አውጥተው ገና ሲያሰናዱ፤ ጆርጅ ሃውስ የሚባል ወዳጃቸው አታሚ ፈልጎ በመንገድ ሲጠይቅ ያገኘውን አንድ የባላገር ሰው ይዞላቸው መጣ። ዕቃ በመግዛት ገንዘባቸው ባለቀበት ሰዓት ያ ሰው የከፈላቸው አምስት ሽልንግ የመጀመሪያ ገቢያቸው ሆነ። ፍራንክሊን ከዚያ በኋላ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል፤ ነገር ግን እንደዚያ አምስት ሽልንግ ያስደሰተው አልነበረም። ሥራ ጀማሪ ወጣቶችን ለመርዳት ልቡ የተነሣሣውም ስለዚያ ውለታ ነው። ከጁንቶም ሰዎች ጆሴፍ ብራይንትናል ከኩዌከሮች ማኅበር የ40 ትልልቅ ወረቀት ኅትመት አስገኘላቸው። ፍራንክሊን በየቀኑ አንዱን ወረቀት ሳይጨርስ አይተኛም ነበር፤ አንድ ሌሊት የደረደረው ፊደል ቢበተንበት እንደገና ደርድሮ ሳይፈጽም አላደረም። ወዳጅ ሥራን ያስገኛል፤ ሥራውን የሚያጸናው ግን የሠራተኛው ትጋት ነው። ጎረቤቶቹም ትጋቱን አይተው ያምኑት ጀመር።

ከዚህ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። ለማተሚያው ዕቃ ገንዘብ ሊከፍል ቃል የገባው የሜሬዲት አባት ነበረ፤ እርሱም 100 ፓውንድ ከከፈለ በኋላ የቀረውን 100 ፓውንድ ማግኘት አቃተው። ሻጩ ነጋዴም ከሰሳቸው። ገንዘቡ በጊዜው ካልተከፈለ ማተሚያውና ፊደሉ ምናልባት በግማሽ ዋጋ ተሸጦ ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነበር። በዚህ ጊዜ ዊልያም ኮልማንና ሮበርት ግሬስ የተባሉ ሁለት የጁንቶ ሰዎች፤ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፤ ሳይለምናቸውም፤ ለየብቻቸው ወደ ፍራንክሊን መጥተው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሁሉ ሊሰጡት ፈቀዱ። ነገር ግን ሜሬዲት መጠጥ ያበዛ ስለ ነበረ ከእርሱ እንዲለይ ወደዱ። ፍራንክሊን የሜሬዲት ቤተ ሰቦች ውላቸውን ይፈጽማሉ የሚባል ተስፋ እስካለ ድረስ ውለታቸውን ረስቶ ሊለያቸው አልወደደም። እርሱ ራሱ በዚያ ዕዳ ሊጠፋ የተቃረበ ሳለ ታገሠ። በመጨረሻ ሜሬዲት የማተሚያ ሥራ ለእርሱ እንዳልሆነ ራሱ አውቆ ሊለቅ ፈቀደ። ፍራንክሊንም የአባቱን 100 ፓውንድ ሊመልስ፤ የሜሬዲትን ጥቃቅን ዕዳዎች ሊከፍል፤ ለእርሱም 30 ፓውንድና አዲስ ኮርቻ ሊሰጠው ተዋውለው በ1730 ዓ. ም. በሰላም ተለያዩ። ለዚህም የሚሆነውን ገንዘብ አንዱን ወዳጁን አስበልጦ ሌላውን እንዳያሳዝን ከሁለቱ እኩል ተበደረ።

ፍራንክሊን የተደረገለትን ሁሉ ለሌላው ለማድረግ ጊዜ አላጠፋም። ግሬስ የብረት ማቅለጫ ነበረው። ፍራንክሊን በጥቂት እንጨት ቤትን የሚያሞቅ የብረት ምድጃ በፈለሰፈ ጊዜ ምሳሌውን ሠርቶ ለግሬስ በስጦታ ሰጠው፤ ግሬስም የምድጃውን ብረት እያቀለጠ በመሸጥ ተጠቀመበት። የምድጃውንም ጥቅም ለሰው ለማስታወቅ ፍራንክሊን በ1744 ዓ. ም. አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። የአገሩ ገዥ ምድጃውን ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲሸጥ መብት ሊሰጠው ቢፈቅድ አልተቀበለም። ሌሎች በፈለሰፉት እንደምንጠቀም እንዲሁ ሌሎች እኛ በፈለሰፍነው ሊጠቀሙ ይገባል የሚል አሳብ ነበረውና።

ከሠራተኞቹም መካከል ትጉህና ጠባየ መልካም ሆኖ ያገኘውን ሰው ለዘላለም ሎሌ አድርጎ ሊያስቀረው አልፈለገም። በ1731 ዓ. ም. ቶማስ ዊትማርሽን ወደ ደቡብ ካሮላይና ልኮ ማተሚያና ፊደል ሰጠው፤ ከወጪው ሢሶውን ፍራንክሊን ሊከፍል፤ ከትርፉም ሢሶውን ሊቀበል ተዋዋሉ። ዊትማርሽ ሲሞት በእርሱ ፈንታ ሉዊስ ቲሞቲን ላከ። ሉዊስ የተማረ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ሒሳብ መያዝ አያውቅም ነበር። በ1738 ዓ. ም. እርሱ ሲሞት ሚስቱ ኤልዛቤጥ ሥራውን ተረክባ በየሦስት ወሩ የጠራ ሒሳብ ትልክ ጀመር፤ ልጆቿንም አሳድጋ በኋላ ማተሚያ ቤቱን ገዝታ ለልጇ አስረከበች። እንደዚሁ ሌሎች ሰዎችም በሌሎች ከተማዎች በፍራንክሊን ርዳታ ሥራ ጀመሩ። የውሉ ዘመን ብዙውን ጊዜ ስድስት ዓመት ነበር፤ ዘመኑም ሲፈጸም አብዛኞቹ ፊደሉን ከእርሱ ገዝተው በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ቻሉ። ይህ ምጽዋት አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ተጠቅመዋልና። እያንዳንዱ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፤ ምንስ እንደሚደርሰው አስቀድሞ በውል ይጻፍ ስለ ነበር በመካከላቸው ጠብ አልተነሣም። ወዳጅነት ውልን አያስቀርም፤ የጠራ ውል ወዳጅነትን ይጠብቃልና። በ1748 ዓ. ም. ፍራንክሊን የ42 ዓመት ሰው ሳለ ማተሚያ ቤቱን ለዴቪድ ሆል አስረክቦ ከዕለት ሥራው ዐረፈ፤ ማኅበራቸውም 18 ዓመት ጸና።

ከኰበለለበት ከወንድሙ ከጄምስም ጋር ታረቀ። ጄምስ ታሞ ሳለ ፍራንክሊን ሄዶ ጠየቀው፤ ጄምስም ከሞተ ልጁን ወስዶ የማተሚያን ሥራ እንዲያስተምርለት ለመነው። ጄምስ በ1735 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ ፍራንክሊን ልጁን ጥቂት ዓመት ትምህርት ቤት አስገባው፤ በኋላም ሥራውን አስተማረው፤ በመጨረሻም አዲስ ፊደል ሰጥቶ ወደ እናቱ ማተሚያ ቤት መለሰው። ዘመኑ ሳይፈጸም ወንድሙን ትቶ በመሄዱ ያጐደለውን በዚህ ካሰ።

የሰው ታሪክ ሲጻፍ ግን ጕድለቱ አይሸሸግም። ፍራንክሊን የእጁን ርዳታ ለሁሉ እኩል አልዘረጋም ነበር። ባሮች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። የሰውን ልጅ እየሸጡ የሰው ወዳጅ መባል እንደማይቻል ያወቀው ዘግይቶ ነው። በ1787 ዓ. ም. በፔንስልቬንያ ባርነትን ለማጥፋት የቆመው ማኅበር አለቃ ሆነ፤ በ1790 ዓ. ም.ም ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ባርነት እንዲጠፋ ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በ84 ዓመቱ በፊላደልፊያ ሞተ። በኑዛዜው ለቦስተን 1000 ፓውንድ፤ ለፊላደልፊያም 1000 ፓውንድ ተወ። ገንዘቡ የእጅ ሥራ ተምረው ለጨረሱ፤ ሚስት ላገቡ፤ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሠራተኞች በመቶ አምስት ወለድ እንዲበደር፤ ተበዳሪውም ሁለት የታመኑ ዋሶች እንዲያቀርብ፤ በየዓመቱም ከዕዳው ዐሥረኛውን እጅ እንዲመልስ አዘዘ። ምክንያቱንም በኑዛዜው አስታወቀ፤ በወጣትነቱ ሁለት ወዳጆች ያበደሩት ገንዘብ ለሀብቱ ሁሉ መሠረት ሆኖት ነበርና። ሁለት መቶ ዓመት ተፈጽሞ በ1990 ዓ. ም. ገንዘቡ ሲቈጠር የቦስተኑ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፤ የፊላደልፊያውም 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ ተገኘ።

1000 ፓውንድ ለመናዘዝ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። እንደ ኮልማንና እንደ ግሬስ በጭንቅ ቀን ገንዘብ ሊያበድር የሚችልም ብዙ አይደለም። ነገር ግን ጆርጅ ሃውስ ያደረገውን ማድረግ የሚሳነው ሰው የለም። እርሱ ከኪሱ አንዳች አላወጣም፤ አታሚ የሚፈልገውን ሰው ሥራ ወደሚፈልገው አታሚ እጁን ይዞ አደረሰው እንጂ። ገዥው ኪት በታላቅ ሥልጣኑ ያላደረገውን ይህ ተራ ሰው በመንገድ ሲያልፍ አደረገው። ስለዚህ ንግድን የሚጀምር ሰው ማን እንደሚረዳው ከመፈለጉ በፊት ዛሬ ማንን ከማን ጋር ሊያገናኝ እንደሚችል ያስብ።