ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ገደማ በምንጃር የተወለዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ በርሊን የተላኩት ለዘፈን አልነበረም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ፣ መኪናውን የሚነዳና ሞተሩን የሚያውቅ የአገር ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1908 ተሰማ ይህንኑ ሙያ ሊማሩ ወደ ጀርመን ተጓዙ። ስለዚህ ከሞተር ሙያ ቀዳሚዎቻችን አንዱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ድምፃቸው ነው። እስከ 1910 ባለው ጊዜ 17 ሸክላዎች አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያን ጊዜ ማይክሮፎንም ሆነ የድምፅ ማጉያ አልነበረም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት ስስ ሽፋንን ያርገበግባል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በሰም ላይ ቦይ ይቀዳል። ኃይሉ ሁሉ ከሰው ደረት የሚወጣ ነው። ከምንጃር እስከ ወግዲና መካነ ሰላም ደጋ አዝማሪ የሚይዘው፣ በቆዳ የተለበጠውና አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለው መሰንቆ ለዚህ መሣሪያ የሚያስቸግር ለስላሳ ድምፅ አለው።

ከዚህ የከበደው ችግር ጊዜ ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። በጠጅ ቤት የመሰንቆ ዘፈን የሚረዝመው በአድማጩ ልክ ነው፤ አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ሳቁ ሌላ ግጥም ይወልዳል። በበርሊን ሰሙን ከወርቁ የሚለይ አድማጭ ከየት ይገኛል? ተሰማ ያን ሁሉ ለዝምተኛ ቀንድ አጥፈው ማቅረብ ነበረባቸው።

ደግሞም አዝማሪነት በአገራችን የተወደደውን ያህል የተናቀ ሙያ ነበር። ለሹመት የታጨ ሰው ድምፁን በገበያ ለሚሸጥ ዕቃ መስጠቱ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ከተመለሱ በኋላ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፤ በፖስታና ቴሌግራፍ ሥራም በኃላፊነት ተሾሙ። በመስከረም 1916 ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ በጥቅምት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፤ የተሰማም ዕድል አብሮ ወደቀ። በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ልጃቸው ይድነቃቸው በ1921 የተወለዱት በጅማ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1964 አረፉ። ሸክላዎቹ ከተቀረጹ መቶ ዓመት ሲሞላቸው ተሰብስበው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም በ27ኛ ቁጥር እንደገና ወጡ፤ በጭረቱ ድምፅ መካከል መሰንቆውና የተሰማ ድምፅ ይሰማሉ።