አበበ ቢቂላ፦ ሲያሸንፍም ሲወድቅም አንድ ቃል

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ላይ በማለዳ ተነስታችሁ የምትሮጡ ልጆች፣ ይቺ ጥያቄ ሳትመጣባችሁ አትቀርም። ክርስቲያን ሆኖ ጓደኛን ቀድሞ ለመግባት መጓጓት ኃጢአት ነው እንዴ? አማትበን ሮጠን ብንሸነፍስ? ዛሬ ስሙን ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ኑሮውን ግን ብዙዎቻችን የማናውቀውን ሰው ታሪክ እናውራችሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም እዚያ አሰለጠነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም። አበበ በባዶ እግሩ ነው። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ጣሊያን ከአክሱም የወሰደችው ሐውልት ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። ይሄ እኮ በድንገት የመጣ አይደለም፤ ከአሰልጣኙ ጋር መንገዱን አይተው ቀድመው የተመካከሩበት ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ። ውድድሩ 40 ቀን አካባቢ ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እሱ ግን ተነስቶ ሮጠና ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። እምነት አለኝ ብሎ ልምምድ አላቋረጠም፤ ማሸነፍ መፈለጉንም አላፈረበትም።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በኋላ እንደተናገረው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት አደራውን ለእሱ ሰጥቶታል፤ አንተ አሸንፍ ብሎ። ማሞም ወርቁን አመጣ። እልኸኛ ሯጭ በራሱ ሽንፈት ቀን የጓደኛውን ድል መመኘት እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ሁለት ወርቅ ያመጡት እግሮች ዳግም አልቆሙም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት አሳለፈ። ብዙ ሰው አምላኩን የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው። አበበ ግን ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ ተቀበለ። ያኛውን በደስታ ከተቀበልኩ ይሄኛውንም መቀበል አለብኝ የሚል ነበር ሐሳቡ።

እና መቀበል ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ መሰላችሁ? በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ደግሞ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ሄዶ ጨበጠው።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው።

ከሮም 56 ዓመት በኋላ፣ የእኛው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ ብር አጠለቀ። ነገም ከዚሁ ዳገት ሌላ ይወጣል። ልጆች፣ ነገ ስትሮጡ ለማሸነፍ ሩጡ፤ አትፈሩ። ከመስመሩ ወዲያ ግን የቀደማችሁን ልጅ ጨብጡት። ፀሎት ወርቅ መግዣ ቢሆን ኖሮ አበበ ሜክሲኮ ላይ ባላቋረጠ ነበር። እምነቱ የታየው ወርቁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወንበሩም ላይ ነው።